«ግሉኮስ» ያልሆነው ጠብታ፦ ትራስቱዙማብ የተባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት እንዴት ይሰጣል?



ወረታ ላይ መድኃኒት ቤት ለሚሠራ ሰው አብዛኛው ማዘዣ የታወቀ ነው። የወባ፣ የታይፎይድ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሕፃናት ተቅማጥ፤ ከመደርደሪያው ተነሥቶ፣ አወሳሰዱ ተነግሮ፣ ሰው ይሸኛል። አልፎ አልፎ ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር ተጽፎ የሚመጣ አንድ ማዘዣ ግን እንዲህ አይሸኝም። ላዩ ላይ «ትራስቱዙማብ» ይላል፤ አንዳንዴም በንግድ ስሙ «ሄርሴፕቲን» ተብሎ ይጻፋል። ይዞት የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ታማሚዋ ሳትሆን ባሏ፣ ወንድሟ ወይም አባቷ ነው። «ልጄ፣ ካለሽ ስጪን፤ ከሌለሽም የሚሸጥበትን ንገሪን፤ በሬውን ሸጠናል» ያሉኝ አንድ አባት ነበሩ። «አባባ፣ ይህ መድኃኒት ተገዝቶ ቤት የሚገባ አይደለም፤ እስቲ ይቀመጡና እንነጋገር» አልኳቸው። የዚያን ዕለት ያወራነውን በዚህ ወር ሰፋ አድርጌ ለሁላችሁም ላቀርበው ወደድኩ። በሬ ከመሸጡ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር አለና።

መድኃኒቱ ለማን ነው?

ትራስቱዙማብ እንደ ሌላው ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዛውን ሕዋስ ሁሉ የሚመታ መድኃኒት አይደለም። ሰውነታችን በሽታን ለመከላከል እንደሚሠራቸው «ፀረ እንግዳ አካላት» ያለ፣ በፋብሪካ የተዘጋጀ ፕሮቲን ነው። በአንዳንድ ሴቶች የጡት ካንሰር ሕዋስ ላይ «ሄር-2» የሚባል ተቀባይ ከልክ በላይ በዝቶ ይገኛል። ይህ ተቀባይ ልክ እንደ ጆሮ ነው፤ «ተባዛ፣ ተባዛ» የሚለውን መልእክት ለሕዋሱ ያደርሳል። ትራስቱዙማብ ሄዶ በዚህ ጆሮ ላይ ይለጠፍና መልእክቱን ይዘጋል፤ የሰውነት ወታደሮችም ያንን ሕዋስ ለይተው እንዲያጠቁት ምልክት ይሆናቸዋል። የፎገራ ሴት ሩዝ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብላ አረሙን ከሩዙ እየለየች እንደምትነቅለው ማለት ነው።

እንግዲህ ጆሮው የሌለው ካንሰር ላይ ይህ መድኃኒት የሚለጠፍበት የለውም። ሄር-2 በዝቶ የሚገኘው ከመቶ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ነው። የቀሩት ሴቶች መድኃኒቱን ቢወስዱ ትርፉ ጉዳቱና ወጪው ብቻ ይሆናል። «የጎረቤታችን ልጅ በእሱ ዳነች» ተብሎ የሚገዛ መድኃኒት ያልሆነውም ስለዚህ ነው።

ይህን የሚለየው ከዕጢው ተቆርጦ በተወሰደው ናሙና ላይ የሚደረግ ምርመራ ነው። ውጤቱ 0፣ 1+፣ 2+ ወይም 3+ ተብሎ ይጻፋል። 3+ ከሆነ ሄር-2 አለ ማለት ነው። 0 እና 1+ ከሆነ ለዚህ መድኃኒት የሚያበቃ አይደለም። 2+ የሆነ እንደሆነ ግን ቁርጥ ያለ መልስ አልተገኘምና ሌላ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። ወረቀቱን የያዛችሁ ቤተሰቦች ይህችን ቁጥር ፈልጉ፤ ከሌለች ሐኪሙን ጠይቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አገር የተቆረጠውን ናሙና ወደ ምርመራ ቦታ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው። ናሙናው ከሰውነት በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ በ10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት ይገባዋል፤ በዚያም ቢያንስ 6፣ ቢበዛ ደግሞ 72 ሰዓት ይቆያል። ደርቆ፣ በውኃ ወይም በአልኮል ተነክሮ፣ ወይም በፎርማሊን ውስጥ ሳምንታት ሰንብቶ የደረሰ ናሙና የሄር-2 ውጤቱ የሚያሳስት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብልቃጡን ተቀብላችሁ «ነገ እንሄዳለን» አትበሉ፤ ቀዶ ጥገናው ከመደረጉ በፊት ማን እንደሚያደርሰው ወስኑ።

መድኃኒቱ ከየት መጣ?

ባጭሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ የሎስ አንጀለሱ ሐኪም ዴኒስ ስላሞን ከአክሰል ኡልሪክና ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ሄር-2 የበዛበት ካንሰር ፈጥኖ እንደሚያገረሽ አሳየ። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1998 በዚያው አገር ተፈቀደ። መጀመሪያ የተሰጠው በሽታው ለተሠራጨባቸው ሴቶች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጡ ትልልቅ ጥናቶች ደግሞ ገና ባልተሠራጨ ካንሰር ላይ ከቀዶ ጥገና በኋላ ሲሰጥ በሽታው የመመለስ ዕድሉን ወደ ግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አሳዩ። ለዚህ ነው «ዕጢው ወጥቷል፣ ደህና ነኝ» ለምትል ሴት ሐኪም ይህን የሚያዝላት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ዋጋው ግን ሰማይ ነበር፤ ድርጅቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደገለጸው የመጀመሪያው አምራች መድኃኒት ለአንድ ዓመት ሕክምና በአማካይ 20,000 የአሜሪካ ዶላር ይፈጅ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር አካባቢ ድርጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተመሳሳዩ መድኃኒት የጥራት ማረጋገጫ ሰጠ፤ ተመሳሳዮቹ በጥቅሉ በ65 በመቶ ያህል ይረክሳሉ ብሏል። ከህንድ የሚመጡት «ካንማብ» እና «ሄርትራዝ» የሚባሉትም ትራስቱዙማብ ናቸው፤ ስሙ ተለወጠ ብላችሁ አትደናገጡ።

ስሙ ከኋላው ቅጥያ ካለው ግን ቁሙ! «ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን» እና «ትራስቱዙማብ ዴሩክስቴካን» የሚባሉት ፀረ እንግዳ አካሉ ላይ የኬሞ መርዝ የተጣበቀባቸው፣ መጠናቸውም ሌላ የሆነ መድኃኒቶች ናቸው። አንዱን በሌላው መተካት ሕይወት ያሳጣል። ከቆዳ ሥር በጭን ላይ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ የሚወጋ 600 ሚ.ግ. የሆነ ዝግጅትም አለ፤ እሱ ደግሞ ወደ ደም ሥር ፈጽሞ አይገባም።

በሕክምናው ቀን የሚሆነው

በአገራችን የሚታወቀው በደም ሥር በጠብታ የሚሰጠው ነው። መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው መመዘን ነው። ኬሞ ስትወስድ የከረመች ሴት ክብደቷ ይለዋወጣልና የባለፈውን ቁጥር መገልበጥ አይበቃም፤ ጫማና ጋቢ አውልቃ ትመዘን።

በየሦስት ሳምንቱ በሚሰጠው አሠራር የመጀመሪያው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ 8 ሚ.ግ. ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለኪሎ 6 ሚ.ግ. ይሆናል። 52 ኪሎ የምትመዝን እህት መጀመሪያ 416 ሚ.ግ.፣ ቀጥሎ በየ21 ቀኑ 312 ሚ.ግ. ትወስዳለች። በሽታው ላልተሠራጨባት ሴት የተለመደው አንድ ዓመት ሲሆን 18 ጊዜ ይሆናል ማለት ነው። በሽታው ለተሠራጨባት ደግሞ መድኃኒቱ እስከሠራላት ድረስ ይቀጥላል። በየሳምንቱ የሚሰጥበት አሠራርም አለ፤ መጀመሪያ 4 ቀጥሎ 2 ሚ.ግ. ለኪሎ፤ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ግን የሦስት ሳምንቱ ይሻላል።

በብልቃጡ ውስጥ ያለው ነጭ ወደ ቢጫ የሚያደላ ዱቄት ነው። ባለሙያው ንጹሕ የመርፌ ውኃ ጨምሮ ያሟሟዋል። ሲሟሟ አይናጥም! ቅል አንጠልጥሎ ወተት መናጥ የለመደ እጅ ይህን ልብ ይበል፤ ፕሮቲን ነውና ሲናጥ አረፋ ይሆናል፣ ይጎዳልም። ብልቃጡ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ከዚያም 5 ደቂቃ ያህል ይቀመጣል። ከተሟሟው ላይ የታማሚዋ መጠን ተለክቶ ይወሰድና 250 ሚ.ሊ. ኖርማል ሳላይን ባለበት ከረጢት ውስጥ ይገባል።

በእኛ አካባቢ በደም ሥር የሚንጠባጠብ ነገር ሁሉ «ግሉኮስ» ይባላል። «ግሉኮስ አስተከልኩ» ይባላል፣ ጨው ያለበትም ቢሆን። ትራስቱዙማብ ግን ከእውነተኛው ግሉኮስ፣ ማለትም ከዴክስትሮስ ጋር ከተቀላቀለ ፕሮቲኑ ይጓጉላል። ከሌላ መድኃኒትም ጋር በአንድ ከረጢት አይቀላቀልም። ባለሙያዎቹ ይህን ያውቃሉ፤ ነገር ግን ቤተሰብ ከውጭ ገዝቶ እንዲያመጣ ሲታዘዝ «ግሉኮስ ግዙ» የሚል ቃል በመሃል ሊገባ ይችላልና ወረቀቱ ላይ «ኖርማል ሳላይን 0.9 በመቶ» ተብሎ መጻፉን እዩ።

የመጀመሪያው ጠብታ በ90 ደቂቃ ውስጥ ይገባል። ሰውነቷ በደንብ ከተቀበለው የሚቀጥሉት በ30 ደቂቃ ሊያልቁ ይችላሉ። በአንድ ጊዜ በስሪንጅ ተገፍቶ አይሰጥም። «መኪናው ሊሄድብን ነው፣ ፈጠን አድርጊልን» ብላችሁ ነርሷን አታስጨንቋት። በመጀመሪያው ቀን ከአሥር ሴቶች አራቱ ያህል ብርድ ብርድ ይላቸዋል ወይም ያተኩሳቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጠብታውን ቀንሶ ወይም አቁሞ፣ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ያልፋል። ትንፋሽ ማጠር፣ የፊት ማበጥ፣ ራስን መሳት ከመጣ ግን ወዲያው ይቆማል። ለዚህም ሲባል የመጀመሪያው ጠብታ ከተጀመረ በኋላ ለ6 ሰዓት፣ በሚቀጥሉት ደግሞ ለ2 ሰዓት ያህል በባለሙያ ዓይን ሥር መቆየት ይመከራል። ከወረታ ባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በመጀመሪያው ቀን እዚያው ለማደር ተዘጋጁ።

ስለ ተረፈው መድኃኒት

ከገንዘቡ ብዙ የሚተርፈው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ልቆይበት። ትልቁ ብልቃጥ 440 ሚ.ግ. ይይዛል። ከ52 ኪሎዋ እህት መጠን በየጊዜው ይተርፋል። ብልቃጡ አብሮት በሚመጣው ተሕዋስያንን በሚከላከል ውኃ ከተሟሟ የተረፈው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 28 ቀን ይቆያል። በተራ የመርፌ ውኃ ከተሟሟ ግን ወዲያው መሠራት አለበት፤ የተረፈው ይደፋል። ቀጣዩ ቀጠሮ በ21ኛው ቀን ስለሆነ የተረፈው ለዚያ ይደርሳል። ሳስበው በየጊዜው እየተደፋ ከሆነ ለዓመቱ 18 ብልቃጥ ያስፈልጋታል፤ የተረፈው በሥርዓት ከተጠበቀ ግን 14 ያህል ይበቃታል። የአራት ብልቃጥ ልዩነት ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ስለዚህ አብሮ የመጣውን ውኃ አትጣሉ፤ የተረፈው ስሟና የተከፈተበት ቀን ተጽፎበት በሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ መቀመጥ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ወደ ቤት ግን አይወሰድም። 150 ሚ.ግ. የሚይዘው ትንሹ ብልቃጥ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ግዢና መንገድ

የካንሰር ሕክምና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ይሰጣል። ይህ መድኃኒት በዚያ ሳምንት መኖሩን ግን ከመነሣታችሁ በፊት በስልክ አረጋግጡ። አዲስ አበባ ለሚሄዱ፣ ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የተባለው በ1996 ዓ.ም የተቋቋመ ማኅበር ከክልል ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ በማዘጋጀት ይታወቃል። ፎገራ ወረዳ በ2003 ዓ.ም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ነበረችና ደብተሩ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ደብተሩን ይዛችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወረቀት ሂዱ፤ ሪፈር ዘሎ የሄደ ሰው መድኑ ይሸፍንለት የነበረውንም ያጣል።

ከውጭ ግዙ ከተባላችሁ በሕክምናው ዕለት ወይም በዋዜማው፣ ማቀዝቀዣ ካለውና ደረሰኝ ከሚሰጥ መድኃኒት ቤት ግዙ። የክትባት ሠራተኞች በሚይዙት ዓይነት የበረዶ ሳጥን ይያዝ፤ ነገር ግን ብልቃጡ በረዶውን አይንካ፣ በጨርቅ ይጠቅለል። ሙቀት እንደሚያበላሸው ሁሉ መርጋትም ያበላሸዋል። ደርሳችሁ ወዲያው ለሆስፒታሉ ፋርማሲ አስረክቡ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ጣሊያን ውስጥ የተሰረቀ ሄርሴፕቲን ተነካክቶ ተመልሶ ወደ ገበያ መግባቱን የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ አስጠንቅቆ ነበር። ከምልክቶቹ አንዱ ዱቄት መሆን በሚገባው ብልቃጥ ውስጥ ፈሳሽ መገኘቱ ነበር። እዚያ ከሆነ እዚህም ይሆናል። «ከዱባይ በዘመድ የመጣ፣ በርካሽ» የሚባለውን አትንኩ።

ሃያ አንድ ቀን በክረምት

የፎገራን ሜዳ ለሚያውቅ የዚህ መድኃኒት ትልቁ ፈተና ቀጠሮው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ናበጋና ዋገጠራን የመሳሰሉ ቀበሌዎች በውኃ ይከበባሉ። በ1998 ዓ.ም ክረምት የሆነውን ጎርፍ ትልልቆቹ አይረሱትም። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት ተጨምረዋል።

ቀጠሮ ያለፈው አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የተለመደው መጠን በተቻለ ፍጥነት ይሰጣል፤ 21 ቀኑም ከዚያ ይቆጠራል። ከአንድ ሳምንት በላይ ካለፈ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን በ8 ሚ.ግ. ለኪሎ፣ በ90 ደቂቃ እንደገና ይጀመራል። ለ52 ኪሎዋ እህት ይህ 104 ሚ.ግ. ተጨማሪ ግዢ ነው። ስለዚህ ከሰኔ በፊት የክረምቱን ቀጠሮዎች በቀን መቁጠሪያ ላይ አውጥታችሁ ውኃው ሳይመጣ ታማሚዋ ወረታ ወይም ባሕር ዳር ዘመድ ቤት እንድትሰነብት አድርጉ። ለሩዝ አረም እጅ ታጣ ብሎ እሷን ማስቀረት አይሆንም።

ልብን መጠበቅ

ትራስቱዙማብ ብቻውን ጸጉር አያራግፍም ማለት ይቻላል፤ የሚያራግፈው አብሮ የሚሰጠው ኬሞ ነው። የሱ ጉዳት ልብ ላይ ነው፤ የልብን ጡንቻ ሊያደክም ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊትና በየሦስት ወሩ ኢኮ የተባለው የልብ አልትራሳውንድ ይሠራል። ቀይ ቀለም ያለው ዶክሶሩቢሲንም ልብን ስለሚነካ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ላይ አይሰጡም፤ ቀዩ ካለቀ በኋላ ነው ይህ የሚጀመረው። ደረጃ ስትወጣ የሚያቅታት፣ ያለ ሁለት ሦስት ትራስ መተኛት ያልቻለች፣ እግሯ ያበጠ እህት ቀጠሮ አትጠብቅ። በጊዜ ከታወቀ መድኃኒቱ ሲቆም ልቧ አብዛኛውን ጊዜ ይሻሻላል።

መድኃኒቱን እየወሰደች ማርገዝ ጽንሱን ይጎዳል፤ ከመጨረሻው ጠብታ በኋላም እስከ 7 ወር መከላከል ያስፈልጋል። ታዲያ በእኛ ዘንድ የተለመደው የሦስት ወር መርፌና በክንድ የሚቀበረው ሆርሞን ስላላቸው የጡት ካንሰር ላለባት ሴት አይሆኑም። ሆርሞን የሌለው በማሕፀን የሚቀመጠው ሉፕ ወይም ኮንዶም ነው የሚሻለው። ባልም ሚስትም አብረው ሐኪሙን ያነጋግሩ፤ ማፈር የሚገባበት ጉዳይ አይደለም።

ሁለት ጥያቄዎች

አንደኛው «የአሳማ ነገር አለበት ወይ?» የሚል ነው። ፕሮቲኑ የሚመረተው ሃምስተር ከምትባል አይጥ መሰል እንስሳ ድሮ ተወስደው በቤተ ሙከራ በሚራቡ ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ፕሮቲኑ ብቻ ተለይቶ ይጣራል። አሳማም ጄላቲንም በውስጡ የለም። አመራረቱን በተመለከተ ጥያቄ ያለው ሰው ይህንኑ ለዓሊሞች ነግሮ ይጠይቅ።

ሁለተኛው የረመዳን ጾም ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ ለሕክምና ተብሎ በቆዳ፣ በጡንቻ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ መርፌ ጾም እንደማያፈርስ፣ ምግብነት ያለው ፈሳሽ ግን ከዚህ ውጭ መሆኑን ወስኗል። ለብርድ ብርዱ የሚዋጥ ፓራሲታሞል ግን ያፈርሳል። ደግሞም ለታመመ ሰው ማፍጠርና በኋላ ቀዷ ማውጣት የተፈቀደ ነው። ኬሞ አብሯት ያለ፣ የምታስመልስ፣ ልቧ የደከመ እህት የሐኪሙን ቃል ይዛ ኡስታዟን ትጠይቅ። ቀጠሮው ረመዳን ውስጥ ከዋለ ቀኑ ለዒድ ማግስት አይገፋም፤ 21ኛው ቀን ላይ ትገኝ። ወሏሁ አዕለም።